ቂጥኝና የዐይን ምስክርነት፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ የአባለ ዘር በሽታ ምልክቶች አለያየት ታሪክ

፩ መግቢያ

የኢትዮጵያ ደጋ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በሽታን ሲለይ የኖረበት ቀዳሚ መሣሪያ ዐይኑ ነው። ቍስል ሲወጣ፣ ገላ ሲሸፍን፣ ብሽሽት ሲያብጥ፣ ጠጕር ሲረግፍ አይቶ ስም ያወጣለታል፤ ስም ካወጣለትም በኋላ በስሙ መድኃኒት ይፈልግለታል። ለዐይን የማይታየውና ስም ያልወጣለት ሕመም ግን ከሰውነት ውጭ ወዳሉ ኀይላት፣ ይኸውም ወደ ዛር፣ ወደ ቡዳ ወይም ወደ ጋኔን ይመለሳል። ይህ ልማድ በአባለ ዘር በሽታዎች፣ ከእነርሱም ይልቁን በቂጥኝ ታሪክ ጐልቶ ይታያል። ቂጥኝ ምልክቱን በገላ ላይ በግልጥ የሚጽፍ በሽታ ሆኖ ሳለ፣ የጻፈውን ራሱ ደምስሶ በመሰወርም ወደር የለውምና።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር በሁለት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። አንደኛው፣ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የሚኖረው ሕዝብ ያለ መሣሪያና ያለ ላቦራቶሪ በዐይኑ ብቻ ምን ያህል አወቀ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዐይን የት ላይ ተታለለ፣ መታለሉስ በማን ላይ ዕዳ ሆነ የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፪ አገሩና ከተማው

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጉና ራሱ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ወርደው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በዙሪያው ያሉት ፋርጣ፣ እስቴ፣ ጋይንትና ስማዳ በገብስ፣ በስንዴና በጤፍ እርሻ የሚኖሩ የደጋና የወይና ደጋ አገሮች ናቸው።

ከተማዋን በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። እርሳቸው በ1825 ካረፉ በኋላም ልጆቻቸው፣ በመጨረሻም የልጅ ልጃቸው ራስ ዐሊ ከዚያው ተቀምጠው በጌምድርን ገዙ። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1855 ከነገሡ በኋላ ዋና መቀመጫቸው አደረጓት፤ በአጠገቧ ባለችው በጋፋትም አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አፈሰሱላቸው። ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በበኩላቸው በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ የመጣውን ጎርዶንን የተቀበሉት በዚህችው ከተማ ነው።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ታሪክ ቢመስልም ለበሽታው ታሪክ መሠረቱ ነው። ደብረ ታቦር በመጀመሪያ የገበሬ መንደር ሳትሆን የሠራዊት ሰፈር ነበረች። ሰፈር ባለበት ወታደሩ፣ ስንቅ ተሸካሚው፣ ጠጅና ጠላ ጠማቂዋ፣ አጋሰስ ነጂው፣ ነጋዴውና ባለጉዳዩ ይሰበሰባል፤ ዘመቻው ሲያበቃም እያንዳንዱ ወደ ቀየው ይመለሳል። ከሚስቱ ርቆ ወራትና ዓመታት የቈየ ዘማች ከሰፈር የያዘውን በሽታ ወደ ጋይንትና ወደ እስቴ ጓዳ ይዞት ለመግባት አንድ ሌሊት ይበቃው ነበር። በኋላም ከ1936 እስከ 1941 በቈየው የኢጣልያ ወረራ ከተማዋ እንደ ገና የጦር ሰፈር ሆነች፤ በውስጧ የነበረው የጠላት ጦር እጁን የሰጠው በሐምሌ 1941 ነው። የሰፈርና የመንደር ግንኙነት በዘመኑ ሁሉ አልተቋረጠም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በ1866 ኮሌራ በጣና ዳር በነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር በገባ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ከቈራጣ አንሥተው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ አወጡ፤ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እስራቱና ስለዚያ ዘመን ተርኳል። ኮሌራ በቀናት ውስጥ የሚገድል ስለ ሆነ ሰፈር ያስነሣል፣ በታሪክም ይጻፋል። ቂጥኝ ግን ቸኵሎ ስለማይገድል ሰፈር አላስነሣም፤ የነገሥታት ታሪክ ጸሓፊም ብዙ ቦታ አልሰጠውም። ታሪኩ የሚገኘው በቃላት፣ በመድኃኒት መጻሕፍት፣ በመንገደኞች ማስታወሻና በሕዝብ ልማድ ውስጥ ነው።

፫ አራቱ ስሞች

በአማርኛ የአባለ ዘር በሽታዎች በአንድ ስም ተጠቃለው አልተጠሩም። «አባለ ዘር» የሚለው ከግእዝ የተቀዳ ጨዋ አነጋገር የትምህርት ቤትና የሐኪም ቤት ቃል ነው። ሕዝቡ የሚጠራቸው በየራሳቸው ስም ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክርና ባምቡሌ ብሎ ነው። እነዚህ ስሞች ለየብቻ መኖራቸው ራሱ ማስተዋልን ይመሰክራል።

ጨብጥ የሚታወቀው በፈሳሹ ነው። ግንኙነት ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ በወንዱ ሽንት መውጫ መግል ይታያል፤ ሽንቱም ሲወርድ ያቃጥላል። ከርክር የሚታወቀው በሕመሙ ነው፤ ከግንኙነቱ በኋላ ሳምንት ገደማ ሲሆን ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ሲነኩት የሚያደማና እጅግ የሚያም ቍስል ይወጣል፤ ስሙም መከርከርን ያሳስባል። ባምቡሌ የሚታወቀው በብሽሽቱ ነው፤ መነሻው የሆነችው ትንሽ ቍስል ሳትስተዋል ትጠፋና ንፍፊቱ አብጦ፣ በስሎ፣ ይፈርጣል።

ቂጥኝ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው በሥርዐቱ ነው። ግንኙነት ከሆነ በኋላ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ዘግይቶ፣ አንድ ጠንካራ ቍስል ይወጣል፤ ቍስሉም አያምም። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይታያል፤ እርሱም አያምም። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቍስሉ ያለ መድኃኒት ይድናል። ከዚያም ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ቈይቶ ገላ ሁሉ ይሸፍናል፤ ሽፍታው ብዙ ጊዜ የማያሳክክ ሲሆን መዳፍንና ውስጥ እግርን ሳይቀር ይይዛል። አፍ ውስጥ ይላጣል፣ ጠጕር በየቦታው ይረግፋል፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ እርጥብ ጠፍጣፋ እባጭ ይወጣል። ሕዝቡ በተለይ ቂጥኝ ብሎ የሚያውቀው ይህን ሁለተኛውን መልክ ነው፤ ሰውን «ቂጥኛም» ብሎ መስደብም በሕዝብ ፊት የማይሸሸግ ከመሆኑ የመነጨ ነው።

የዚህን መለያየት ዋጋ ለመገመት በዚያው ዘመን አውሮፓ ምን ታደርግ እንደ ነበር ማየት ይበቃል። ስመ ጥሩው የሎንዶን ቀዶ ጥጋኝ ጆን ሀንተር በ1767 ባደረገው ሙከራ ተታሎ ጨብጥና ቂጥኝ የአንድ መርዝ ሁለት መልክ ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ክብሩ ትልቅ ስለ ነበር ስሕተቱ ረዥም ዘመን ጸና። የፓሪሱ ሐኪም ፊሊፕ ሪኮር ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን ያስረዳው በ1838 ነው። የጨብጥን ተሐዋሲ ናይሰር በ1879፣ የከርክርን ዱክሬ በ1889፣ የቂጥኝን ሻውዲንና ሆፍማን በ1905 አገኙ። በእነዚህ ሁሉ ሊቃውንት የተረጋገጠው መለያየት በአማርኛ ስሞች ውስጥም ይገኛል። ይህ ማለት ግን ስም አውጪው መንሥኤውን ዐውቆ ነበር ማለት አይደለም፤ ያየውን ከሌላው ከሚያየው አላደባለቀም ማለት ነው።

፬ የመንሥኤ ትርጓሜና የመድኃኒተኛው ሥራ

ስለ መንሥኤ የሚነገረው ግን ሌላ ነው። ጨብጥ በጨረቃ ፊት ቆሞ ከመሽናት፣ ፀሓይ ካጋለው ድንጋይ ላይ ከመሽናት፣ ወይም ውሻ በሸናበት ቦታ ከመሽናት ይመጣል የሚለው እምነት በአማራው አገር በሰፊው የታወቀ ነው። ይህን ያለዕውቀት ብቻ አድርጎ መቍጠር አይገባም። እንዲህ ያለው ትርጓሜ አንድ የማኅበራዊ ኑሮ አገልግሎት ነበረው፤ በሽተኛው ከማን እንደ ያዘው ሳይጠየቅ መድኃኒት ሊለምን ይችል ነበር። የባልና የሚስት ጠብ፣ የአማችና የምራት ክስ በጨረቃ ላይ ተላከከ። ነገር ግን ምክንያቱ ጨረቃ ከሆነ ሚስትን ማከም አያስፈልግም፤ ባል ታክሞ ቢድን እንኳ ሚስቱ ሳትታከም ትቀራለች።

አላን ያንግ የተባሉት የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1970 ስለ በጌምድር አማራ የሕክምና እምነትና ልማድ የዶክትርና ጽሑፍ አቅርበዋል፤ በ1976 ባወጡት ጥናትም የዚህ ሕዝብ የሕመም ትርጓሜ ይበልጡን ከሰውነት ውጭ ያለውን ነገር፣ ማለት ሕመሙን ያመጣውን ሰው፣ መንፈስ ወይም አጋጣሚ የሚመረምር እንጂ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ሂደት በዝርዝር የሚከታተል አለመሆኑን አስረድተዋል። ይህ ሐሳብ ለቂጥኝ ታሪክ ቍልፍ ነው። ቂጥኝን ለማወቅ ዛሬ የሚታየውን ቍስል ማየት አይበቃም፤ የዛሬውን ሽፍታ ከሁለት ወር በፊት ከዳነው ቍስል ጋር፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውንም ሕመም ከሁለቱ ጋር በአንድ ክር ማሰር ያስፈልጋል። ክሩ የሚያልፈው ደግሞ በሰውነት ውስጥ ነው።

የመድኃኒት መጻሕፍቱም ይህንኑ ጠባይ ያሳያሉ። ማርሴል ግሪዮል በ1930 ያሳተሙት የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 ያወጧቸው የኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳናት በአብዛኛው የበሽታውን ስም ጠርተው ወዲያው ወደ ዕፁ፣ ወደ መጠኑና ወደ አወሳሰዱ ያልፋሉ። ምልክቱን በዝርዝር መግለጥ የመጽሐፉ ሥራ አልነበረም፤ ስሙን የሚሰጠው በሽተኛው፣ ጎረቤቱ ወይም መድኃኒተኛው አስቀድሞ በዐይኑ አይቶ ነውና። ስለዚህ ምልክትን የማወቅ ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጂ በብራና ላይ የሚሰፍር አልነበረም።

በደጋውና በወይና ደጋው ለእነዚህ በሽታዎች ከታወቁት ዕፀዋት መካከል ብሳና፣ ምስርችና የቍልቋል ወተት ይገኙባቸዋል። ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃም የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከብዙ አገር ሲወርዱ ኖረዋል። ከሁሉ በላይ የታመነው ሕክምና ግን ወሸባ ነበር።

፭ ወሸባ

ወሸባ የሚለው ቃል የመጣው በዐረብኛ ዑሽባ ከሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም ዕፅ ማለት ሲሆን በተለይ ሳርሳፓሪላ የሚባለውን የባሕር ማዶ ሥር ይመለከታል። የሳርሳፓሪላ አገሩ አሜሪካ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን እስፓንያውያን ወደ አውሮፓ አምጥተውት ለቂጥኝ መድኃኒትነት ስሙ ገነነ። የርሱ ዘመድ የሆነው የቻይና ሥርም በዚያው ዘመን በሕንድ ባሕር ንግድ ተሠራጨ። ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይህን መድኃኒት ያመጡት የቀይ ባሕር ነጋዴዎች ናቸው፤ ከሥሩ ጋር ስሙንም አመጡ።

ሕክምናው መድኃኒቱን መጠጣት ብቻ አልነበረም። በሽተኛው በአንድ ቤት ተዘግቶ፣ ከነፋስና ከፀሓይ ተከልሎ፣ ምግቡ ተመርጦለት፣ የተቀቀለውን ሥር እየጠጣ ሳምንታት ይቀመጣል። የሚያገለግለው ሰው ይመደብለታል፤ ጠያቂም አይበዛበትም። «ወሸባ ገባ» ማለት ስለዚህ መድኃኒት ጠጣ ማለት ብቻ ሳይሆን ከሰው ተለየ ማለትም ሆነ። የቃሉ ዕድል አስደናቂ ነው፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም ላይ በተሠራጨ ጊዜ የአማርኛ ጸሐፍትና ጋዜጠኞች በሽታ የተጠረጠረበትን ሰው ለይቶ ማስቀመጥን ለመጥራት ቃል ሲፈልጉ ያገኙት ይህንኑ ቃል ነው። ብዙዎች ሲናገሩት ከቂጥኝ ጋር ያለውን ዝምድና አላሰቡትም።

ወሸባ ያድን ነበርን? ሳርሳፓሪላ የቂጥኝን ተሐዋሲ እንደማይገድል ዛሬ የታወቀ ነው። ነገር ግን ወሸባ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሽፍታው ጠፍቶለት፣ አፉ ድኖ፣ ጠጕሩ ማብቀል ጀምሮ ይወጣ ነበር። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ያየው ሁሉ የሚመሰክረው እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሥሩ ሳይሆን የበሽታው የራሱ ጠባይ ነው። የሁለተኛው ደረጃ ሽፍታ ሳይታከም ቢቀርም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይጠፋል። የወሸባው ጊዜና የሽፍታው ዕድሜ ስለ ተገጣጠሙ ዐይን ሁለቱን አያይዞ ፈረደ።

በዚህ ስሕተት የደጋው ሕዝብ ብቻውን አይደለም። አውሮፓም ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምራ አራት መቶ ዓመት ያህል ቂጥኝን በባዜቃ ስታክም፣ ከበሽታው መጥፋት የትኛው የመድኃኒቱ፣ የትኛው የበሽታው ጠባይ እንደ ሆነ አጥርታ አላወቀችም። በኖርዌይ ዋና ከተማ፣ ኦስሎ ዛሬ በሚባለው፣ ቤክ የተባለው ሐኪም ባዜቃ ከጥቅሙ ጕዳቱ ይበልጣል ብሎ ከ1891 እስከ 1910 ድረስ በርካታ በሽተኞችን ያለ መድኃኒት ምልክቱ እስኪጠፋ በሆስፒታል አቈያቸው። ይኸውም በአሠራሩ ከወሸባ ብዙ የራቀ አልነበረም። ዬስትላንድ የተባሉት ተመራማሪ የእነዚህን ሰዎች ፍጻሜ ተከታትለው በ1955 ባሳተሙት ጥናት፣ ምልክቱ ከጠፋላቸው መካከል ሲሦ ያህሉ በኋላ ዘመናቸው በሽታው ተመልሶ በአጥንት፣ በቆዳ፣ በልብና በደም ሥር ወይም በአንጐል እንደ ጐዳቸው፣ የቀሩት ግን ይህ ጕዳት ሳይደርስባቸው እንደ ኖሩ አሳዩ። ከሦስቱ ሁለቱ የዳኑ የሚመስሉበት ሕክምና፣ መድኃኒት ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በሕዝብ ዘንድ መታመኑ አያስገርምም።

፮ ዐይን የተታለለበት

የዐይን ምስክርነት የከሸፈው እንግዲህ በሦስት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው በጊዜ ርዝመት ነው። ከዐሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ አፍንጫው የፈረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ከቍምጥና በሽተኛ ጋር ተቈጠረ፤ አእምሮው የተነካው ዛር ወይም ጋኔን ያደረበት ተባለ፤ እግሩ የከዳውም ድግምት ተደረገበት ተብሎ ወደ ደብተራ ወይም ወደ ጠበል ተወሰደ። በወጣትነቱ ያየውን የማያም ቍስል ከዚህ ጋር ያያዘ አልነበረም። ሳይንስ ራሱ ይህን ክር ያጠበቀው በ1913 ኖጉቺና ሙር በዚህ ሕመም በሞቱ ሰዎች አንጐል ውስጥ የቂጥኝን ተሐዋሲ ባገኙ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው በሴቲቱ ገላ ላይ ነው። በወንድ ላይ በግልጥ የሚታየው ቍስል በሴት ላይ በማሕፀን በር ወይም በውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ ስለማያምም ራሷም አታውቀውም። ጨብጥ የያዛቸው ብዙ ሴቶች አንዳች ምልክት አያዩም፤ በሽታው ግን ወደ ላይ ወጥቶ የማሕፀንን ቱቦ ሲዘጋ መካን ያደርጋል። ምልክቱ በወንዱ ላይ የታየው በሽታ ፍርዱ በሴቲቱ ላይ ወደቀ። ልጅ ሳይወለድ ሲቀር «መካን» ተብላ የምትፈታው ሚስት እንጂ ከዘመቻ ጨብጥ ይዞ የተመለሰው ባል አልነበረም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው በልጅ ላይ ነው። ቂጥኝ ያለባት እናት ካልታከመች በሽታው በጽንሱ ላይ ይደርሳል፤ በሽታው አዲስ በሆነበት ጊዜ ካልታከሙት እርግዝናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በውርጃ፣ ሞቶ በመወለድ፣ በአራስነት ሞት ወይም በታመመ ልጅ ይፈጸማሉ። በአማርኛ ልጅ የማይበረክትላት ሴት ሾተላይ አለባት ትባላለች። ሾተላይ ዛሬ በሐኪም ቤት አካባቢ የእናትና የጽንስ ደም አለመስማማት ስም ሆኗል፤ በሕዝብ ልማድ ግን የተደጋገመውን የሕፃናት ሞት ሁሉ የሚያጠቃልል ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ካሉት ምክንያቶች አንዱ ቂጥኝ መሆኑ አይቀርም።

የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ካሶቪትስ በ1870ዎቹ እንዳስተዋለው፣ ያልታከመች እናት በሽታዋ እያረጀ ሲሄድ በጽንሱ ላይ ያለው ኀይል እየደከመ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ይወርዳል፣ ቀጣዩ ሞቶ ይወለዳል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ታምሞ ይወለዳል፣ በመጨረሻ ጤነኛ ልጅ ይገኛል። ይህን ሥርዐት ከደጋው ቤተ ሰብ ታሪክ ጋር ማመሳከር ብዙ ነገር ይገልጣል። በመጨረሻ የተገኘው ልጅ ካሣ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ተብሎ ይጠራል፤ ለታቦት የተሳለው ስለት ይገባል፤ ክታብ የጻፈውም ደብተራ ይመሰገናል። እዚህም ዐይን ያየው እውነት ነበር፤ ልጁ በእርግጥ ተረፈ። ከርሱ በፊት የተቀበሩት ግን ለምን እንደ ሞቱ የሚናገር ምልክት በእናቲቱ ገላ ላይ አልነበረም።

፯ የውጭ ተመልካቾች

ዐይን ያታለለው የአገሩን ሰው ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች የቂጥኝን ብዛት ደጋግመው ጽፈዋል፤ ፈረንጅ ሁሉ ሐኪም ይመስል ስለ ነበር በሄዱበት ሁሉ መድኃኒት ይለመኑ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሠሩት የጆርጂያው ተወላጅ ዶክተር ሜራብ በ1912 ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና ባሳተሙት መጽሐፍና በኋላ ጽሑፎቻቸው ለዚህ በሽታ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል።

እነዚህ ምስክርነቶች ጠቃሚዎች ቢሆኑም ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አንደኛ፣ ሐኪም ፍለጋ የመጣው በሽተኛ እንጂ ጤነኛው ስላልሆነ ከበሽተኛው ብዛት የሕዝቡን መገመት ያሳስታል። ሁለተኛ፣ የደም ምርመራ ከመገኘቱ በፊት እከክ፣ ጭርት፣ ቍንጭር፣ የቍምጥና መጀመሪያና ሌላም የቆዳ ሕመም በቀላሉ ቂጥኝ ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር። የደጋው መድኃኒተኛ ቍንጭርንና ቂጥኝን በሁለት ስም ሲጠራ፣ እንግዳው ተመልካች ሁለቱን በአንድ መዝገብ አስፍሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመንገደኞቹ መጻሕፍት የምልክቱን መግለጫ መቀበል፣ የብዛቱን ግምት ግን በጥርጣሬ መመልከት ተገቢ ነው።

፰ ደምና መርፌ

በ1906 ዋሰርማን የደም ምርመራውን ባወጣ ጊዜ ቂጥኝን የማወቅ ሥልጣን ከዐይን ወደ ደም ተሻገረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምልክቱ የጠፋለት ሰው በሽታው እንዳልለቀቀው ማወቅ ተቻለ። በ1910 ኤርሊኽና ሐታ ሳልቫርሳንን አወጡ፤ በ1943 ደግሞ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን በአሜሪካ ተረጋገጠ።

በደጋው ይህ ለውጥ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን በደብረ ታቦር የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ሠርቷል፤ በ1954 ደግሞ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቍሞ ለአውራጃዎች የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ፔኒሲሊን በሕዝብ ዘንድ «መርፌ» በሚለው ስም ገነነ። ወሸባ ሳምንታት የሚፈልገውን አንድ መርፌ ፈጸመው፤ ለአዲስ ቂጥኝ ዛሬም የሚሰጠው 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በአንድ ጊዜ የሚወጋ ነው።

ነገር ግን አሮጌው የዐይን ፍርድ ከመርፌው ጋር አብሮ ኖረ። ቍስሉ ሲደርቅ ሕክምናው አለቀ ተባለ፤ ባል ለብቻው ተወግቶ ሚስቱን ሳያስመረምር ተቀመጠ፤ ፈቃድ የሌለው መርፌ ወጊም ምልክቱን ሰምቶ ብቻ መድኃኒት ሰጠ። መድኃኒቱ አዲስ ቢሆንም መዳንን የሚመሰክረው ያው ዐይን ነበር።

፱ ምልክት እንደ ገና

የታሪኩ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ በሽተኛውን ያለ መድኃኒት መስደድ ስለማይገባ፣ ከ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት በምልክት ስብስብ ማከምን መከረ፤ ኢትዮጵያም ተቀበለችው። የጤና ባለሙያው በሽተኛው ያለበትን ከሽንት መውጫ የሚወርድ ፈሳሽ፣ የብልት ቍስል፣ የብሽሽት እብጠት፣ የቈለጥ እብጠት፣ ከሴት ብልት የሚወርድ ፈሳሽ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም የአራስ ልጅ ዐይን ፈሳሽ ለይቶ፣ ያንን ምልክት ሊያመጡ ለሚችሉ በሽታዎች ሁሉ በአንድ ላይ መድኃኒት ይሰጣል።

ይህን ዝርዝር ከአራቱ የአማርኛ ስሞች አጠገብ ያኖረ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያያል። ፈሳሹ ጨብጥን፣ ቍስሉ ቂጥኝንና ከርክርን፣ የብሽሽቱ እብጠት ባምቡሌን ያስታውሳል። ልዩነቱ ግን ከዝምድናው ይበልጣል። አሮጌው ሥርዐት እያንዳንዱን ምልክት በአንድ ስም ሲዘጋ፣ አዲሱ ምልክት ሊያታልል እንደሚችል አስቀድሞ ዐውቆ ለብዙ በሽታ በር ይከፍታል። ይህም ያስፈልጋል፤ በዛሬው ዘመን ከርክር እየጠፋ ሄዶ የብልት ቍስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው የአራቱ ስሞች ዝርዝር ከማያውቀው ከሄርፒስ ቫይረስ ነው። ከዚህም ጋር አዲሱ ሥርዐት ባልና ሚስት አብረው እንዲታከሙ ያዝዛል።

ሆኖም ምልክት የሌላትን ሴት የምልክት ሕክምና ሊደርስላት አይችልም። ስለርሷ የሚናገር ደሟ ብቻ ስለ ሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚደረገው የቂጥኝ ምርመራ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ከጣት የምትወሰድ አንዲት የደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ታሳያለች፤ እናቲቱ በጊዜ ብትታከም ልጇ ይድናል።

በጠቅላላው የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ደጋ ሕዝብ በዐይኑ ያየውን በትክክል አይቷል፤ ጨብጥን ከቂጥኝ፣ ቂጥኝን ከከርክር ለይቷል፤ ሽፍታው ከወሸባ በኋላ መጥፋቱንም ሳይዋሽ መስክሯል። የጐደለው ማስተዋል ሳይሆን ዐይን ሊሰጠው የማይችለው ዕውቀት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአማርኛ ምሳሌ ለሚያውቀው በሽተኛ የተነገረ ነው። ሾተላይ አለባት የተባለችው የፋርጣ ወይም የጋይንት ሴት ግን የደበቀችው አልነበራትም፤ በሽታው ራሱ ከርሷ ተደብቆ ነበር። ስለርሷና ስለ ልጆቿ የተሰጠውን የቀድሞ ፍርድ እንደ ገና መመርመር የበሽታው ታሪክ ተመራማሪ ዕዳ ነው።